ዋይ ወይስ ኤን

ቱሉ ዲምቱ፣ ከመጨረሻው የታክሲ ፌርማታ ወረድ ብሎ፣
ፎቶ ኮፒ ከማነሳባት የላሜራ ቤት
ጋሽ ዘርጋው ኮምፒዩተራቸውን በጋቢ ጠቅልለው መጡ፤
እንደ ታመመ ልጅ አቅፈው፣
ገመዱ አቧራ እየጠረገ።

«የእድሩ መዝገብ እዚህ ውስጥ ነው፤
ሦስት መቶ አርባ አባወራ፣ ከነመዋጮው፣ ከነቅጣቱ።
መብራት ኃይል ሳለሁ የተማርኳት ናት፤
አይጥ የላት፣ ሥዕል የላት፣
ጥቁር ሰሌዳና ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ሰረዝ።
ዲር ስላት ትዘረዝራለች፣
ኮፒ ስላት ትገለብጣለች፣
ዴል ብዬ ከጭራዋ ፒ ካከልኩ
ቆም ብላ ትጠይቀኛለች፦
ልሰርዝ? ዋይ ወይስ ኤን?»

ማሽኗ ሞታለች፤ ዲስኳ ግን ትተነፍሳለች።
መዝገቡን አውጥቼ፣
ከመርካቶ በመጣች አሮጌ ላፕቶፕ
ሊኑክስ ጭኜ አሰፈርኩት።
ጋሽ ዘርጋው በፕላስቲኩ ዱካ ተቀመጡ፣
መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉ።

«ኮፒ እዚህ ሲ ፒ ናት» አልኳቸው፣
«ሙቭ ደግሞ ኤም ቪ።»
«አናባቢውን ማን በላው?»
«የጥንቶቹ ጽሕፈት መሣሪያ ከባድ ነበር አሉ፤
እያንዳንዷ ፊደል ጣት ታደክማለች።»
«እንዲህማ ከሆነ ሁሉም ሳድስ ነው፤
ጥርሱን ያመመው ሰው ቋንቋ።»

ታይፕ የሚሏት ካት ሆናለች፣ ድመት።
«ድመት ናት መዝገብ የምታነብልኝ?»
«አይጥ የለም አላሉም ጋሼ?»
ሳቁ፤ ሲስቁ ላሜራው አብሮ ተንቀጠቀጠ።

ያዘመመችው ሰረዝም ዞራለች፤
ድሮ ወደ ኋላ፣ አሁን ወደ ፊት።
ከበሬ ማዶ ያለውን የባሕር ዛፍ አጥር አዩት፣
ግማሹ ወደ ቃሊቲ፣ ግማሹ ወደ ዱከም ያጋደለውን።
«ያው አጥር ነው» አሉ፣ «ላም ካላሳለፈ።»

ቀጥ ያለችዋን መስመር ሳሳያቸው፣
«ይቺ ቧንቧ ናት፤
አንዷ ትዘረዝራለች፣ አንዷ ታጣራለች፣
ሦስተኛዋ ቆጥራ ታስረክባለች» ስላቸው፣
ደጅ የተሰለፈውን ቢጫ ጄሪካን ተመለከቱና
«በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» አሉኝ።
መጣ። ከሚያዝያ ወዲህ ያልከፈሉ፦ አሥራ ሰባት።
«እሰይ፣ ይቺስ ቧንቧ ናት።»

ከዚያ ጣታቸው በልማዱ ሄደ።
ዲር ብለው ጻፉ።
ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ ዘረዘረች።
የማናውቀው ሰው፣ በማናውቀው አገር፣
የሽማግሌ እጅ የሚሄድበትን አስቦ
በሩን ገርበብ አድርጎት ኖሯል።
«ድሯ አልተበጠሰችም» አሉ፣ በቀስታ።

አር ኤም ግን አትጠይቅም።
ቀይ ቀለም እንኳ ሳትቀባ የምታፈርስ ግሬደር ናት፤
አዘዝካት፣ የለም።
ይህን ስነግራቸው እጃቸውን ከቁልፎቹ አነሱ።
ስለዚህ በተሸሸገች አንዲት ፋይል ውስጥ
ለእሳቸው ብቻ አንዲት መስመር ጻፍኩ፤
ከስሟ ኋላ «አይ» የምትባለዋን ፊደል ሰካሁባት።
«አይ»ን ካጎረሷት ወዲህ
እሷም መጠየቅ ለመደች።

ኦቦ ዶዮ ጉርሙ፣ አባል ቁጥር አራት።
ይህ ሁሉ ብሎክ የቆመው በእሳቸው የጤፍ ማሳ ላይ ነው።
ያለፈው ሐሙስ ቀበርናቸው፤
ድንኳኑ ታጥፏል፣ ወንበሩ ተቆጥሯል፣
ደንቡም የሞተ ይሰረዝ ይላል።

ጋሽ ዘርጋው ጻፉ። ማሽኗ ጠየቀች፦
ላጥፋ?
ስንት ነገር ሲለዋወጥ፣
በድሮዋም ቤት በአዲሷም ቤት
እሺ ማለት ያው «ዋይ» ነው።
ጣታቸው ፊደሏ ላይ አረፈ፣ አልተጫነም።

«ዋይስ ሐሙስ ዕለት ብለናል» አሉ።
ባዶውን አስገባ ቁልፍ ነኩ።
ለማሽኗ፣ ዝም ያለ ሰው እሺ አላለም።

ዲር ብለው ደግመው ጠሩ፣ ኤል አከሉባት፤
አራተኛው መስመር ላይ
ዶዮ ጉርሙ፣
ሁለት ኪሎባይት።